"300 ካልመጣልኝ ምን ልሁን?" ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ ይሄ ነው። ከቂርቆስ ይመጣል፣ ከካዛንቺስ ይመጣል፣ ከካዛንቺስ ተነስተው ሌላ ሰፈር ከገቡ ልጆችም ይመጣል። የሚገርመው የሚጠየቀው ከፈተና በኋላ አይደለም። ገና መስከረም ላይ፣ ደብተር ሳይሸፈን ነው።

"አይዞህ፣ ታልፋለህ" ብለን ብንመልስ ቀላል ነበር። ግን ቁጥሩን እያወቅን እንዲህ ማለት ማታለል ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩን እናስቀምጥ፣ ለምን እንደዚህ እንደሆነ እንይ፣ ከዚያ ያሉትን መንገዶች አንድ በአንድ እንዘርዝር።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2015 ቁጥሩ 27,267 ሆነ። በዚያው ዓመት ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች መካከል 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ያለፉት ወደ 36,409 ከፍ አሉ። በ2017 ደግሞ ከተፈተኑት 585,882 ተማሪዎች 48,929ኙ አለፉ፤ 8.4 በመቶ።

እየተሻሻለ ነው፣ አዎ። ግን 8.4 በመቶ ማለት 50 ተማሪ ካለበት ክፍል 4 ልጅ ነው። አዲስ አበባ ከአገር አቀፉ አማካይ የተሻለ ታመጣለች። ቢሆንም ከጎናችሁ ዴስክ ላይ ከተቀመጡት ብዙዎቹ 300 አይሞሉም። ሰነፍ ስለሆኑ ብቻ ነው? አይደለም።

ለምን እንዲህ ሆነ?

ሦስት ነገሮች ተደራርበዋል።

አንደኛ፣ ድሮ 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና ነበር። ያ ቀርቷል። ስለዚህ አንድ ተማሪ ከ8ኛ ክፍል ፈተና በኋላ ለአራት ዓመት ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሚለካው የለም። ሒሳብ ላይ 9ኛ ክፍል የተፈጠረ ክፍተት 12ኛ ላይ ነው የሚጋለጠው። ያኔ ደግሞ ጊዜ የለም።

ሁለተኛ፣ ፈተናው ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲሄድ ኩረጃና የፈተና ስርቆት በጣም ቀነሰ። አሁን የምናየው ውጤት የተማሪውን እውነተኛ ደረጃ ይበልጥ ያሳያል።

ሦስተኛ፣ መስመሩ ራሱ ተቀየረ። ቀድሞ ዩኒቨርሲቲ መግቢያው በየዓመቱ የሚወሰን ነጥብ ስለነበር ከግማሽ በታች ያመጣም ይገባ ነበር። አሁን በቀጥታ ለመግባት 50 በመቶ የግድ ነው። ታላቅ ወንድማችሁ በገባበት ነጥብ እናንተ ላትገቡ ትችላላችሁ። ቤት ውስጥ "እሱ እንዴት ገባ?" የሚል ንጽጽር ሲነሳ ይሄን አስረዱ።

የካዛንቺስ ልጆች ጉዳይ ለምን ይለያል?

በ2017 መጀመሪያ ላይ፣ ልክ ትምህርት ሲከፈት፣ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የካዛንቺስ ነዋሪ በብዛት ተነሳ። ብዙ ቤተሰብ ገላን ጉራና ሌሎች የከተማዋ ዳር አካባቢዎች ገባ። ስለ ልማቱ ብዙ ተብሏል፤ እኛ እዚህ የምናነሳው ተማሪውን ነው።

የቀረው ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። በሰፈሩ ሒሳብ የሚያስረዳ ጎረቤት ነበር። ሆቴል የሚሠራ አጎት ነበር፣ "ልጁ 12ኛ ጨርሷል፣ ቦታ ካለ" የሚል። ጋራዥ ያለው የጓደኛ አባት ነበር። ብዙ የካዛንቺስ ልጅ ከ12ኛ በኋላ ሥራ ያገኘው በማስታወቂያ ሳይሆን በእነዚህ ሰዎች ነው። አሁን አንዱ ገላን፣ ሌላው የት እንደገባ አይታወቅም። ሰፈሩ ሲበተን ይሄ ሁሉ አብሮ ተበተነ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን የጥናት አይደለም። ዛሬ ስልካችሁን ክፈቱና የድሮ ጎረቤቶቻችሁን ቁጥር ሰብስቡ። ሥራ የሚሠሩ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ምረጡ። ደውሉ፣ "ጋሼ፣ እትዬ፣ እንዴት ናችሁ" በሉ፣ ዘንድሮ 12ኛ እንደሆናችሁ ንገሯቸው። ገንዘብ አትጠይቁ። መኖራችሁን እንዲያስታውሱ ብቻ ነው። ሥራ ስትፈልጉ በድንገት ከመደወል በጣም ይለያል።

ከፈተናው በፊት ምን ይደረግ?

👉 ፈተናው ስድስት ትምህርት ነው፤ እያንዳንዱ ከ100። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ ለሁሉም ነው። ተፈጥሮ ሳይንስ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይጨምራል፤ ማኅበራዊ ሳይንስ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። ማለፊያው ድምር ስለሆነ በአንዱ 35 ያመጣ በሌላው 65 አምጥቶ ሊያካክስ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የትኛው ትምህርት በትንሽ ጥረት ብዙ ነጥብ እንደሚሰጣችሁ እወቁ። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን በሰዓት ተፈተኑ፣ ነጥባችሁን በወረቀት ጻፉ።

👉 እንግሊዝኛን እንደ አንድ ትምህርት ብቻ አትዩት። ሌሎቹ አምስቱም በእንግሊዝኛ ነው የሚጠየቁት። የፊዚክሱን ሐሳብ እያወቀ ጥያቄውን ሳይረዳው የሚሳሳት ተማሪ ብዙ ነው።

👉 ከ2016 ጀምሮ ፈተናው በኮምፒውተርም እየተሰጠ ነው። እኛ ስልክ ላይ ፈጣን ነን፤ ማውዝ ሲሰጡን ግን የምንደናገር አለን። በትምህርት ቤታችሁ ላብራቶሪ ወይ ኢንተርኔት ቤት ገብታችሁ ጥቂት ቀን ተለማመዱ። የፈተናው ዕለት የመጀመሪያ ቀናችሁ እንዳይሆን።

👉 ቤት ማጥናት ለማይመቸው፣ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በነጻ ነው። ከቤታችሁ እስከ ትምህርት ቤት መንገዱ ከረዘመባችሁ ደግሞ የታክሲና የአውቶቡስ ሰዓቱን ተጠቀሙበት፤ የእንግሊዝኛ ቃላትና የታሪክ ማስታወሻ ቆሞም ይነበባል። ሒሳብን ለጠረጴዛ ተዉት።

ውጤት ከወጣ በኋላስ?

50 በመቶ ከሞላ፦ ምደባ ትጠብቃላችሁ። ግን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። የምዝገባ ቀኑ እንዳያመልጣችሁ።

ትንሽ ከጎደለ፦ ሪሚዲያል የሚባለው የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም አለ፤ ከ2015 ጀምሮ ተሰጥቷል። ተምሮ፣ ተፈትኖ ያለፈ አንደኛ ዓመት ይገባል። ግን ልብ በሉ፣ ማን እንደሚገባና ስንት ነጥብ እንደሚያስፈልግ ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ ነው የሚወስነው። "ሪሚዲያል አለልኝ" ብሎ መተኛት አያዋጣም። በግል ተመዝግቦ ድጋሚ መፈተንም ሌላ አማራጭ ነው።

ቴክኒክና ሙያ፦ ብዙ ቤት ውስጥ "የወደቀ የሚገባበት" ይባላል። ይሄ አስተሳሰብ ነው ብዙ ልጅ አንድና ሁለት ዓመት ቤት ያስቀመጠው። ሜክሲኮ አካባቢ ተግባረ ዕድ አለ፤ ጄኔራል ዊንጌት፣ እንጦጦ፣ ምሥራቅ፣ ንፋስ ስልክም አሉ። ሥልጠናው በደረጃ ነው፤ ስትጨርሱ የብቃት ምዘና ትፈተናላችሁ፣ ሲኦሲ የምንለው። ካዛንቺስ የሆቴል ሰፈር ነች፤ ምግብ ዝግጅትና መስተንግዶ ለሚወድ ደግሞ በገነት ሆቴል የሚታወቀው የቱሪዝም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት አለ። ከመመዝገባችሁ በፊት በሙያው የሚሠራ ሰው ጋር ሄዳችሁ አንድ ቀን ዋሉ። ኤሌክትሪክ ይሁን ብየዳ፣ የምትጠሉትን ቶሎ ታውቃላችሁ።

የግል ኮሌጅ፦ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። በመጀመሪያ ተቋሙና የምትማሩት የትምህርት ዘርፍ ሁለቱም ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳላቸው አረጋግጡ። ሁለተኛ፣ የእናንተ ነጥብ ለዲግሪ ይበቃ እንደሆነ ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ከ2015 ጀምሮ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። "ባለፈው ዓመት ከእናንተ ስንት አለፈ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የማይሰጥ ኮሌጅ ጋ የእናታችሁን እቁብ አትክፈሉ።

በስልክ የሚጀመር፦ በ2016 ሐምሌ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም በነጻ ነው። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስና አንድሮይድ ይሰጣል፣ ሲጨረስ ሰርተፍኬት አለው። ሰርተፍኬቱ ብቻውን ሥራ አያስቀጥርም። ውጤት እስኪወጣ ባለው ክረምት ግን ይሄ ነገር ይሆነኛል ወይስ አይሆነኝም የሚለውን ለማወቅ ይበቃል።

ለወላጆች አንድ ነገር

እኛም ዲግሪ የለንም። ይሄን የምንለው ትምህርት አያስፈልግም ለማለት አይደለም፤ ያስፈልጋል፣ ሳይኖር ሲቀር ምን ያህል በር እንደሚዘጋ እናውቀዋለን። ግን ውጤት የወጣ ቀን ማታ ቤት ውስጥ የሚባለው ነገር ከነጥቡ በላይ ልጁን ሊሰብረው ይችላል። ከ10 ልጅ 9ኙ የማይሞላውን መስመር ስላልሞላ "አዋረድከን" አይባልም። ያን ቀን እራት አብራችሁ ብሉ። በሳምንቱ ከላይ ያሉትን አማራጮች ይዛችሁ ተቀመጡ።

ተማሪዎች፣ ያልመለስነው ጥያቄ ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ከካዛንቺስ ተነስታችሁ አሁን የትኛው ትምህርት ቤት እንደምትማሩም ንገሩን፤ በአንድ አካባቢ ያላችሁትን እርስ በርስ እናገናኛችኋለን፣ አብራችሁ ታጠናላችሁ።