የእቁቡ ብር ለካሜራ ወይስ ለጎጆ?

ልጁ ዕድሜው 27 ነው። እንጀራው ሠርግ፣ ልደትና ምርቃት ፎቶ ማንሳት ነው። እጮኛ አለችው፤ ከአራት ዓመት ፍቅር በኋላ ቀለበት አስረዋል። ሁለቱም እኩል እየጣሉ የገቡበት እቁብ ታዲያ ባልጠበቁት ሰዓት ወጣላቸው። እልል ተባለ! ብሩ ለአንዲት ክፍል ቤት ቀብድ፣ ለአልጋና ለምድጃ ነበር የታሰበው።

ግን ምን ዋጋ አለው? በዚያው ሳምንት አንድ የሥራ ጓደኛው አንዲት ቃል ጆሮው ላይ ጣል አደረገበት። "ፉል ፍሬም ሳትይዝ'ኮ ፎቶግራፈር ነኝ ብለህ አታውራ!"

ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጁ እንቅልፍ አጣ። አምስት ዓመት ያበላችውን ክሮፕ ካሜራ ሲያያት መጫወቻ መሰለችው። በሦስተኛው ቀን ለማንም ሳይናገር ለአንድ ካሜራ ሻጭ ቀብድ ሰጠ። እጮኛው ነገሩን የሰማችው ከእሱ አፍ አይደለም። ሸሚዙን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ደረሰኙን አገኘችው።

"እኔና ካሜራው ሚዛን ላይ ብንቀመጥ ማናችን እንደፋለን?" ስትል ጠየቀችው። ዝም አለ። ዝምታው ደግሞ ከመልስ ሁሉ ባሰ።

ይህን ያጫወተን ልጁ ራሱ ነው። ስሜን እንዳታነሱ ብሎ ለምኖናል፤ አናነሳም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጭንቅ የእሱ ብቻ ስላልሆነ፣ እስኪ ማንንም ሳንወቅስ ጉዳዩን ከሥሩ እንየው።

ለመሆኑ ፉል ፍሬም ምንድነው?

ዲጂታል ከመምጣቱ በፊት ፎቶ የሚነሳው በፊልም እንደነበር ታውቃላችሁ። ብዙዎቹ ወላጆቻችን በሠርጋቸው ቀን የተነሱበት ያ ጥቅል ፊልም ስፋቱ 35 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ አንዱ ምስል የሚያርፍበት ቦታ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ልክ በዓለም ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ የቀረበው የጀርመኑ ላይካ ካሜራ ነበር።

በዲጂታሉ ካሜራ ውስጥ የፊልሙን ቦታ የተካው ሴንሰር ይባላል። ሴንሰሩ እንደዚያ ፊልም 36 በ24 ከሆነ ካሜራው ፉል ፍሬም ነው። በቃ! ሌላ ተአምር የለውም።

ክሮፕ የሚባለው ሴንሰሩ ከዚህ የሚያንስ ነው። በካኖን 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በኒኮን፣ በሶኒና በፉጂፊልም ደግሞ 23.5 በ15.6 ገደማ ይሆናል። ለምን አሳነሱት ብትሉ፣ ነገሩ የገንዘብ ነው። ሴንሰር የሚቆረጠው ከክብ የሲሊከን ሰሌዳ ላይ ነው። ትልቅ ትልቁን ስትቆርጡ ከአንዱ ሰሌዳ የሚወጣው ቁጥር ያንሳል፤ እንከን ያረፈበት ሲጣልም ኪሳራው ይበዛል።

ዋጋውን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2003 ካኖን 300ዲ የተባለውን ክሮፕ ካሜራ ያለ ሌንስ በ899 ዶላር ሲያወጣ ብዙ ሰው ጉድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 5ዲ የተባለውን ፉል ፍሬም ያወጣው ግን በ3,299 ዶላር ነበር። ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ ጠቧል እንጂ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ክሮፑ አር50 ያለ ሌንስ 680 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የወጣው ፉል ፍሬሙ አር8 ደግሞ 1,500 ዶላር ገደማ ነበር። ይሄ እንግዲህ አሜሪካ ላይ ነው። የብራችን ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እዚህ ስንት እንደሚገባ እናንተው አስሉት።

ጨዋታው ብርሃን ላይ ነው

ዝናብ ሲዘንብ ደጅ ላይ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ሳፋ አስቀመጣችሁ እንበል። የትኛው ብዙ ውኃ ይይዛል? ሴንሰርም እንዲሁ ነው። የፉል ፍሬም ስፋት ከካኖኑ ክሮፕ 2.6 እጥፍ፣ ከነኒኮን ክሮፕ ደግሞ 2.3 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ቀን በፀሐይ ይህ ልዩነት እምብዛም አይታይም። ዝናቡ ሞልቶ ነዋ! ነገር ግን ጨለምለም ሲል፣ ለምሳሌ ቤተክርስቲያን ውስጥ የተክሊል ሥርዓት ሲፈጸምና ፍላሽ አታብራ ሲባል፣ ክሮፑ ምስሉ ላይ አሸዋ እንደበተኑበት ነጠብጣብ ያመጣል። ፉል ፍሬሙ እዚያ ላይ ይሻላል። ይህን መካድ አይቻልም።

ሁለተኛው ልዩነት የሚታየው ስፋት ነው። የቤታችሁን መስኮት በመጋረጃ ግራና ቀኙን ብትሸፍኑት ደጁ ያው ደጅ ነው፤ የምታዩት ግን ይቀንሳል። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በካኖን ክሮፕ ላይ ሲገጠም ፉል ፍሬም ላይ የ80፣ በኒኮን ክሮፕ ደግሞ የ75 ሌንስ የሚያሳየውን ያህል ብቻ ያሳያል። በጠባብ ሳሎን 30 ዘመድ ለማንሳት ይሄ ችግር ነው። ስሜን ተራሮች ላይ ዋሊያ፣ ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮ ለሚያነሳ ሰው ግን በረከት ነው! የ300 ሌንሱ እንደ 480 ይሆንለታል።

ሦስተኛው፣ ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለው ነገር ድብዝዝ የሚልበት ውበት ነው። ሰውየውን በእኩል መጠን፣ ሌንሱንም በእኩል ከፍተን ስናነሳ ፉል ፍሬሙ ጀርባውን የበለጠ ያደበዝዘዋል። ግን ልብ በሉ፣ ካልተጠነቀቃችሁ ሙሽራዋ ጥርት ብላ ሙሽራው ሊደበዝዝባችሁ ይችላል።

ሻጩ የማይነግራችሁ ነገር

ካሜራው ብቻውን ፎቶ አያነሳም፤ ሌንስ ይፈልጋል። ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው። ከካኖን ክሮፕ ጋር የሚመጣው የተለመደው 18-55 ሌንስ ከነአካቴው የካኖን 5ዲ ዓይነት ፉል ፍሬም ላይ አይገጥምም። በኒኮንና በሶኒ የክሮፕ ሌንስ ይገጥማል፤ ነገር ግን ካሜራው ራሱ ጠርዙን ቆርጦ ይጥለዋል። በ24 ሜጋ ፒክስል የገዛችሁት ካሜራ 10 ሜጋ ፒክስል ገደማ ይሆንባችኋል። ታዲያ ምኑን ገዛችሁት? ስለዚህ ፉል ፍሬም ስትገዙ የሌንሱን ዋጋ አብራችሁ ደምሩ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ስሙ። የልጁ 18-55 ሌንስ መሐሉ ላይ፣ 35 አካባቢ፣ ቢበዛ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 4.5 ገደማ ነው። እዚያችው ክሮፕ ካሜራ ላይ ኤፍ 2 የሚከፈት 35 ሌንስ ቢገጥምባት አምስት እጥፍ ያህል ብርሃን ታስገባለች። ካሜራውን ወደ ፉል ፍሬም መለወጥ ግን የሚሰጠው 2.6 እጥፉን ነው። በጣም ባነሰ ብር የበለጠ ብርሃን ማለት ነው! ሌንሱ ለፉል ፍሬም ጭምር የተሠራ ከሆነ ደግሞ ነገ ካሜራ ሲቀየር አብሮ ይሻገራል።

"ለትልቅ ፎቶ አይሆንም" የሚሉም አሉ። 24 ሜጋ ፒክስል ያለው ምስል፣ ክሮፕም ሆነ ፉል ፍሬም፣ ቅንጣት ሳይጎድለው 50 በ34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይታተማል። ለሠርግ አልበም ይተርፋል። ፉጂፊልምንም ተመልከቱ፤ ከክሮፕና ከፉል ፍሬም ከሚበልጥ ሴንሰር ካሜራዎች በቀር ፉል ፍሬም የሚባል ዲጂታል ካሜራ አይሠራም። ይህም ሆኖ በክሮፖቹ እንጀራ የሚበሉ ባለሙያዎች ሞልተዋል።

ታዲያ ማን ምን ይግዛ?

ገና ጀማሪ ከሆናችሁ፣ የምታነሱት ባብዛኛው ቀን ከሆነ፣ ወይም ካሜራ ተሸክማችሁ ተራራ የምትወጡ ከሆነ ክሮፕ ይበቃችኋል። ብሩን ሌንስና ፍላሽ ላይ አውሉት። በሌላ በኩል የምትከፈሉት ለማታ ሥራና ለቤተክርስቲያን ከሆነ፣ ለሁለት ጥሩ ሌንስም ከቤት ወጪ ሳትነኩ የሚተርፋችሁ ከሆነ፣ ፉል ፍሬም ግዙ፤ ዋጋውን ይመልሳል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ አትቸኩሉ። ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ጠይቁ። ሌንሱን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ እንዳለ እዩ። ሌንሱን ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ጥርት ያለ ሰማይ አንሱ፤ ጥቁር ነጥብ ከታየ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ ማለት ነው። ምስሉን ሳታዩ ቀብድ አትስጡ!

ወደ ልጁ እንመለስ

ልጁ ጭንቅ ሲለው የሄደው ከ30 ዓመት በላይ ፎቶ ቤት ወደ ኖሩ አንድ ጋሼ ዘንድ ነበር።

"ልጄ" አሉት፣ "ሙሽራ አልበሟን የምትገልጠው የእናቷን እንባ ፈልጋ ነው። በምን ካሜራ አነሣኸኝ ብላ የጠየቀችኝ እስከ ዛሬ አንድም የለችም። አንተ ግን እኔን አትመን። ተከራይና ሞክረው፤ ዳኛዋም እሷ ትሁን።"

እንዳሉት አደረገ። ለአንድ ቀን ፉል ፍሬም ተከራይቶ ቅዳሜ የነበረውን ሠርግ በሁለቱም አነሳ። 10 ጥንድ ፎቶ 30 በ40 አሳተመ፤ የካሜራውን ስም ከጀርባ በእርሳስ ጻፈና እጮኛው ፊት ዘረጋው። "የቱ ያምራል?" አላት። ኩርፊያዋ ሳይለቃት አንድ በአንድ መረጠች።

በቀን ከተነሱት ስድስት ጥንዶች ሦስቱን ከክሮፑ፣ ሦስቱን ከፉል ፍሬሙ አነሳች። ቤተክርስቲያን ውስጥ ከተነሱት አራቱ ግን አራቱንም ከፉል ፍሬሙ። ልጁ ደስ አለው። "አየሽ!" አላት።

"አየሁ" አለችው። "ባለፈው ዓመት ስንት ሥራ ሠራህ?"

"አስራ ዘጠኝ።"

"ቤተክርስቲያን ውስጥ የነበረውስ?"

ቆጠረ። አምስት ነው። አምስት ቀን መከራየት የእቁቡን ብር ጫፉን እንኳ አይነካም። ልጁ አንገቱን ደፋ።

ዛሬ ያገለገለ የ35 ኤፍ 2 ሌንስ ገዝቶ በዚያችው ክሮፕ ካሜራው እየሠራ ነው፤ ለተክሊል ሲጠራ ፉል ፍሬም ይከራያል። የቤቱ ቀብድ ተከፍሏል። የካሜራው ቀብድ ግን ግማሹ ሻጩ ዘንድ ቀልጦ ቀርቷል። ቀጣዩ እቁብ ሲወጣ የማታ ሥራው በዝቶ ከሆነ ካሜራው ይገዛል ተባብለዋል፤ ይህን ያለችውም እሷ ናት።

"ካሜራ መፈለጉ አላናደደኝም" ብላናለች እጮኛው። "ቀን ከሌት ሲለፋበት አውቃለሁ። ያቃጠለኝ ደረሰኙን ከኪሱ ማግኘቴ ነው።"

እናንተስ ውድ አንባቢያን፣ ኪሳችሁ ውስጥ ያልተነገረ ደረሰኝ አለ? ካለ፣ ሸሚዙ ሳይታጠብ አሁኑኑ አውጡት። መልካም ሰንበት!