ደን ስንት ካርቦን ያስቀራል? ስንትስ ውኃ ይጠጣል? የልኬቱ አሠራር

በብዙ ቀበሌዎች ስለ ባሕር ዛፍ የሚነሣው ክርክር የቆየ ነው። አንዱ ወገን “ምንጩን ያደረቀው ይህ ዛፍ ነው” ሲል ይከስሳል፤ ሌላው ቤት የሠራበትንና ልጆቹን ያስተማረበትን ዛፍ ለመንቀል አይፈቅድም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ተጨምሯል። ደን ጠብቀው ያቆዩ የአርሶ አደር ማኅበራት፣ ደኑ ከአየር ወስዶ ባስቀረው ካርቦን ልክ ክፍያ የሚያገኙበት አሠራር መጥቷል። ሁለቱም ጉዳዮች የሚወሰኑት በልኬት ነው፤ ደንን በዐይን አይቶ ምን ያህል ውኃ እንዳተነነና ምን ያህል ካርቦን እንደያዘ ማወቅ አይቻልምና።

ልኬቱን አስቸጋሪ የሚያደርገው ደን የሚወስድም የሚመልስም በመሆኑ ነው። ቀን ላይ ቅጠል በብርሃን አስተጻምሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ይወስዳል። ጋዙ በሚገባባቸው ጥቃቅን የቅጠል ቀዳዳዎች ደግሞ ውኃ በትነት መልክ ይወጣል። ዛፍ ውኃ ሳይከፍል ካርቦን አያገኝም፤ ድርቅ ሲሆን ቀዳዳዎቹን ስለሚዘጋ ሁለቱም ይቀንሳሉ። በሌላ በኩል ዛፉ ራሱ፣ ሥሩ፣ እንዲሁም በአፈር ውስጥ የረገፈ ቅጠል የሚያበሰብሱ ደቂቅ ዘአካላት ቀንም ሌሊትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። የደኑ እውነተኛ ትርፍ ከገቢው ላይ ይህ ሁሉ ወጪ ተቀንሶ የሚቀረው ነው።

ይህን የተጣራ ሒሳብ በቀጥታ ለመለካት በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ዘዴ “ኤዲ ኮቫሪያንስ” ይባላል። ከዛፎቹ ጫፍ በላይ የሚዘልቅ የብረት ማማ ይተከልና በላዩ ሁለት መሣሪያዎች ይቀመጣሉ። አንደኛው የነፋሱን ፍጥነትና አቅጣጫ፣ በተለይም ወደ ላይና ወደ ታች የሚያደርገውን እንቅስቃሴ በድምፅ ሞገድ ይለካል። ሁለተኛው በአየሩ ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድና የእርጥበት መጠን በኢንፍራሬድ ጨረር ያነብባል። ሁለቱም በአንድ ሰከንድ ውስጥ 10 ወይም 20 ጊዜ ይመዘግባሉ።

ይህን ያህል ፍጥነት ያስፈለገው በደን ላይ የሚያልፍ ነፋስ እንደ መስኖ ቦይ ውኃ ለጥ ብሎ ስለማይሄድ ነው። በትንንሽና በትልልቅ ሽክርክሪቶች ተሞልቷል፤ እያንዳንዱ ሽክርክሪት የተወሰነ አየር ወደ ታች ያወርዳል፣ የተወሰነውን ወደ ላይ ያወጣል። በአንድ በር የሚገቡና የሚወጡ ሰዎችን ጭነታቸውን እየመዘኑ እንደ መመዝገብ ነው። ወደ ታች የወረደው አየር ብዙ ካርቦን ይዞ፣ ወደ ላይ የወጣው ግን ጥቂት ይዞ ከተገኘ ልዩነቱን ደኑ አስቀርቶታል ማለት ነው። እርጥበትና ሙቀትም በዚሁ መንገድ ይሰላሉ። ምዝገባው አብዛኛውን ጊዜ በየግማሽ ሰዓቱ ይደመራል፤ ዓመቱን ሙሉ ሲጠራቀም የደኑ የሒሳብ መዝገብ ይሆናል።

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት በሚገኘው የሃርቫርድ ደን እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ከ1991 ጀምሮ ይህ መዝገብ ተይዟል። ከ1993 እስከ 2000 ባሉት ዓመታት ደኑ በየዓመቱ በሄክታር በአማካይ 2 ቶን ካርቦን አስቀርቷል። መዝገቡ ሁልጊዜ ትርፍ አያሳይም። በ2003 አውሮፓን የመታው ሙቀትና ድርቅ የአህጉሩ ዕፅዋት ከወሰዱት በላይ ካርቦን እንዲለቅቁ አድርጓል፤ ተመራማሪዎች በአራት ዓመት ከተጠራቀመው ጋር የሚመጣጠን ካርቦን በዚያ ወቅት እንደጠፋ አስልተዋል። በአፍሪካ እንዲህ ያሉ ማማዎች ጥቂት ናቸው። በዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ በያንጋምቢ የቆመው 55 ሜትር ከፍታ ያለው ማማ ከእነዚሁ አንዱ ነው።

የውኃውና የኀይሉ ሒሳብ ለገበሬ ይበልጥ ቅርብ ነው። ከአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውኃ ተነነ ማለት 10,000 ሊትር ወደ አየር ሄደ ማለት ነው። አንድ ሊትር ውኃ ለማትነን የሚያስፈልገው ሙቀት ያንኑ ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት ከሚያስፈልገው ሰባት እጥፍ ገደማ ይሆናል። የፀሐይ ኀይል በዚህ ሥራ ላይ ስለሚውል በደን አካባቢ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ በተራቆተ መሬት ላይ ግን ያው ኀይል መሬቱንና አየሩን ያግላል።

ቅዝቃዜው በውኃ የተገዛ መሆኑን መርሳት አይገባም። በደቡብ አፍሪካ ሞኮቡላን በተባለ ስፍራ የሣር መሬት የነበረ አንድ ተፋሰስ ባሕር ዛፍ ተተከለበት፤ ጅረቱ በዘጠነኛው ዓመት ሙሉ በሙሉ ደረቀ። ዛፉ በ16 ዓመቱ ከተቆረጠ በኋላም ጅረቱ ዓመቱን ሙሉ ወደ መፍሰስ የተመለሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ነበር። የምንጩ ክስ መሠረተ ቢስ አይደለም። ይሁን እንጂ ውጤቱ እንደ ዝናቡ፣ እንደ አፈሩና እንደተከላው ስፋት ስለሚለያይ ለሁሉም ቀበሌ አንድ ፍርድ አይሰጥም።

ማማውም የሚመቸው ቦታ አለ፤ ሰፊና ሜዳማ ደን ይፈልጋል። በተዳፋት ላይ ሌሊት የቀዘቀዘ አየር ካርቦኑን ይዞ እንደ ጎርፍ ወደ ሸለቆ ስለሚወርድ መሣሪያው ሳያየው ያመልጣል። በነፋሱ አቅጣጫ ያለው ደንም ለብዙ መቶ ሜትሮች መዝለቅ አለበት። በደቡብ ጎንደር ከሚገኙት የቤተ ክርስቲያን ደኖች ብዙዎቹ ስፋታቸው ከጥቂት ሄክታር ስለማይበልጥ ማማ ቢተከልባቸው የእርሻውንም አየር ቀላቅሎ ይለካ ነበር።

ለእንዲህ ዓይነቱ መልክዓ ምድር ሌሎች መንገዶች አሉ። በግንዱ ውስጥ በሚቀበር የሙቀት መርፌ ዛፉ የሚስበው ውኃ ይለካል፤ በሙኔሳ ሻሸመኔ ደን የሀገር በቀልና የመጤ ዛፎች የውኃ አጠቃቀም ተጠንቷል። ለካርቦን ደግሞ የግንዱ ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ በሜትር ተለክቶ የዛፉ ክብደት ይገመታል። ከደረቅ እንጨት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ሲሆን፣ አንድ ቶን ካርቦን ከ3.67 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ነው። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር መሬት፣ በአብዛኛው ከቀሩ ጉቶዎች በበቀሉ ዛፎች፣ እንደገና በደን ሲሸፈን የዓለም ባንክ ፈንድ 165,000 ቶን ለመግዛት ተዋውሏል።

በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ የሚለማው ዲከረንስ ግን ሌላ ስሌት አለው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተቆርጦ ከሰል ስለሚሆን የያዘው ካርቦን ከሰሉ ሲከስልና ሲነድ ተመልሶ አየር ላይ ይወጣል፤ ለገበሬው ገቢ ነው፣ በካርቦን መዝገብ ግን ዘላቂ ክምችት አይባልም። የካርቦን ውል ለመፈረም የሚቀርቡ ማኅበራት ክፍያው የሚታሰበው በካርቦን ቶን ነው ወይስ በካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ዳግም ልኬቱ በስንት ዓመት ነው፣ ደኑ ቢቃጠል ወይም በድርቅ ቢጎዳ ኪሳራው የማን ነው የሚሉትን ከፊርማው በፊት በጽሑፍ ማስመለስ ይኖርባቸዋል።