ስድስት ቶን ቤት ከበረዶ ሲወጣ

በሰሜናዊ የአሜሪካ ግዛቶች፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሚኔሶታም ጭምር፣ መኝታና ወጥ ቤቱን ይዞ የሚጓዘው አር.ቪ የበረዶውን ወራት ቆሞ ያሳልፋል። ባለቤቱ በጥቅምት ከጓሮው ጥግ ወይም ኪራይ ከፍሎ ከአንድ ገበሬ ሜዳ ላይ ያቆመዋል። መጋቢት ገብቶ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል የጉዞ አምሮት ይነሳል። ያን ጊዜ ከቆመበት እስከ አስፋልቱ ያለችው አጭር ርቀት ከረጅሙ ጉዞ ሁሉ የምታስቸግረው ትሆናለች።

ችግሩ የሞተር አቅም ማነስ አይደለም። በፎርድ ኢ-450 ሻሲ ላይ የሚሠራ አር.ቪ ከነሙሉ ጭነቱ ስድስት ቶን ተኩል ይደርሳል፤ ይህን ሁሉ የሚገፉት የኋላ ጎማዎች ብቻ ናቸው። ጎማ በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ መሬት የመቆንጠጥ አቅሙ በደረቅ አስፋልት ላይ ካለው ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል። ዲፍሬንሻሉም ነገሩን ያባብሰዋል፦ አንዱ ወገን ሲንሸራተት እሱ በከንቱ ይሽከረከራል፣ ደህና መሬት የረገጠው ግን ቆሞ ይቀራል። ሾፌሩ ተናዶ ነዳጅ ሲጨምር የሚሽከረከረው ጎማ ሙቀት ይፈጥራል፣ በረዶውን ያቀልጣል፤ የቀለጠው ውሃ መልሶ ሲረጋ ጎማው የተቀመጠበት ጉድጓድ እንደ መስታወት ይለሰልሳል። እልህ የሚያተርፈው ይህን ብቻ ነው።

ከጉልበት ይልቅ ወሳኙ ሰዓቱ ነው። በሚኔሶታ የቤት መሠረት እንደ አካባቢው ከ107 እስከ 152 ሴንቲ ሜትር እንዲጠልቅ ደንቡ ያዛል፤ ውርጩ ያን ያህል ወደ መሬት ስለሚሰርግ ነው። በጸደይ የሚቀልጠው ከላይ ያለው ስስ አፈር ነው። ከሥሩ ያለው ገና ድንጋይ ስለሆነ ውሃው መስረጊያ ያጣና ሜዳው ማጥ ይሆናል። የግዛቱ መንግሥት ራሱ በዚህ ወቅት በብዙ መንገዶች ላይ የጭነት መኪናዎችን የክብደት ገደብ ዝቅ ያደርጋል። አስፋልት ያልቻለውን ክብደት ሣር ሊችለው አይችልም። ስለዚህ ብልሁ ባለቤት ሌሊቱ መሬቱን ካጠነከረ በኋላ ጎህ ሲቀድ ይነሳል። ከቀትር በኋላ የሚመጣው ሰው ሙቀቱ ደስ ቢለውም ጎማው እስከ ቸርኬው ሊሰምጥበት ይችላል።

ዝግጅቱ ግን ከዚያ በፊት ባለው ቀን ይሠራል። መጀመሪያ ጣሪያው ይጠረጋል። ርጥብ በረዶ በኪዩቢክ ሜትር 300 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል፤ ርዝመቱ ዘጠኝ ሜትር፣ ወርዱ ሁለት ሜትር ተኩል በሆነ ጣሪያ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ከተቆለለ ሁለት ቶን ያህል ይሆናል። ያ ክምር ፍሬን ሲያዝ ተንሸራቶ የፊት መስታወቱን ሊሸፍን፣ በመንገድ ላይም ከኋላ በሚከተል መኪና ላይ ሊወድቅ ይችላል። ቀጥሎ አካፋው ወደ ጎማዎቹና ወደ ሆዱ ሥር ይሄዳል፤ ሻሲው በረዶ ላይ ከተኛ ጎማው የሚጫነው ክብደት ይቀንሳልና። የጭስ ማውጫው አፍ ሳይከፈት ደግሞ ሞተር መነሳት የለበትም። የታፈነው ጭስ ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል፤ ይህ ሰው ይገድላል።

ባትሪውም መታየት አለበት። በደንብ የተሞላ ባትሪ የሚኔሶታን ብርድ ይችላል፣ የደከመው ግን ከዜሮ በታች አሥር ዲግሪ ገደማ ላይ ይረጋል፤ የረጋ ባትሪን ቻርጅ ማድረግ ወይም ከሌላ መኪና በገመድ ማስነሳት ሊያፈነዳው ይችላል። የእጅ ፍሬን ተይዞ የከረመ ከሆነ ሸራው ከታምቡሩ ጋር በውርጭ ተጣብቆ ሊገኝ ይችላል፤ በጥቅምት ፍሬኑን ለቀው በታኮ ብቻ ያቆሙ ሰዎች ከዚህ ጣጣ ነጻ ናቸው።

መውጫው ላይ መሪው ቀጥ ይላል፤ ነዳጁ በስሱ ይሰጣል። ከጎማዎቹ ፊት አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር ይነሰነሳል፣ ጣውላም ይነጠፋል። የፈላ ውሃ ማፍሰስ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ጎማው መንሸራተት ከጀመረ ወዲያው ነዳጅ መልቀቅ፣ በመጣበት ፈለግ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስና እንደገና መሞከር ይሻላል። ትራክተር ከተጠራ ገመዱ የሚታሰረው ፋብሪካው በሻሲው ላይ ባዘጋጀው መንጠቆ ነው፤ ከባምፐር ጋር የታሰረ ባምፐሩን ይዞት ሊሄድ ይችላል። የተወጠረ ገመድ ሲበጠስ አካል ስለሚቆርጥ ማንም ሰው በአጠገቡ አይቆምም።

አስፋልት ላይ ከወጣ በኋላ የጎማው ንፋስ ይለካል፤ ሙቀት በአምስትና በስድስት ዲግሪ በወረደ ቁጥር ሁለት በመቶ ያህል ይቀንሳልና። መንገድ ላይ የተነሰነሰው ጨው ብረት ስለሚበላ የሆዱ ሥር በቶሎ ይታጠባል። በውሃ ቧንቧዎቹ ውስጥ ያለው ሮዝ ፀረ ውርጭ ፈሳሽ ግን ለጊዜው አይነካም። ውሃ ሲረጋ ዘጠኝ በመቶ ያህል ይሰፋል፣ ቧንቧም ይሰነጥቃል፤ ስለዚህ ሌሊቱ ከዜሮ በታች መውረዱን እስኪያቆም ድረስ ወጥ ቤቱ ያለ ውሃ ይቆያል።