የአካል ጉዳተኞች የድጋፍ አገልግሎቶች ቅንጅት፦ ከቀየት ደጋ አኳያ

ማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ እ.ኤ.አ. ከ1978ቱ የአልማ አታ ጉባኤ በኋላ በዓለም ጤና ድርጅት አነሳሽነት የተስፋፋ አሠራር ነው። ድርጅቱ ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው መመሪያ ሥራውን በአምስት ዘርፎች ይከፍለዋል፤ እነርሱም ጤና፣ ትምህርት፣ መተዳደሪያ፣ ማኅበራዊ ኑሮና አቅምን ማጎልበት ናቸው። በጤና ባለሙያው ኃላፊነት ሥር የሚወድቀው በዋናነት አንዱ ዘርፍ በመሆኑ፣ ቀሪዎቹ ካልተጓደኑት የሕክምናው ውጤት ጸንቶ አይቆይም።

ይህን ለመረዳት ቆልማማ እግር (ክለብፉት) ይዞ የተወለደ ሕፃን ጥሩ ምሳሌ ነው። በፖንሴቲ ዘዴ የሕፃኑ እግር በየሳምንቱ ቀስ በቀስ እየተቃና በጄሶ ይታሸጋል፤ ብዙውን ጊዜም ከአምስት እስከ ሰባት ጄሶ ይበቃል። ለአብዛኞቹ ሕፃናት የተረከዙን ጅማት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ማላላት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ በዘንግ የተያያዘ ልዩ ጫማ ለሦስት ወራት ያህል ቀንና ሌሊት፣ ቀጥሎም እስከ አራት ወይም አምስት ዓመት ዕድሜ በእንቅልፍ ጊዜ ይደረጋል። ለችግሩ ማገርሸት ዋነኛው ምክንያት የጫማው መቋረጥ ነው። እንግዲህ የሆስፒታሉ ድርሻ ሳምንታት ሲሆን፣ የቤተሰቡ ድርሻ ግን ዓመታት ነው።

በመንዝ፣ በጊሼና በመርሐቤቴ ደጋ መንደሮች ተራርቀው የሚገኙ፣ መሬቱም በገደልና በሸለቆ የተከፋፈለ በመሆኑ፣ በየሳምንቱ ወደ ሕክምና መመላለስ ለገበሬ ቤተሰብ ከባድ ነው። በመሐል ሜዳና በዓለም ከተማ ሆስፒታሎች ቢኖሩም፣ ልዩ ሕክምና የሚሻ ሕመምተኛ ከዚያ ርቆ ሊላክ ይችላል። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሕፃኑን በድኅረ ወሊድ ጉብኝት ትለያለች፤ ጤና ጣቢያው መርምሮ ይልካል፤ የጤና መድን አባልነት የሕክምናውን ወጪ ያቀላል። ዕድርና ሰንበቴ ለስንቅና ለመጓጓዣ ሊተባበሩ ይችላሉ። ሴፍቲኔት በሚሠራበት ወረዳ ለሥራ የደረሰ ጉልበት የሌለው ቤተሰብ በቀጥታ ድጋፍ ሊታቀፍ ይገባዋል። ትምህርት ቤቱም ልጁን በወቅቱ መመዝገብ ይጠበቅበታል።

ሰንሰለቱ በቀላሉ የሚበጠሰው በመልስ ጉዞ ላይ ነው። የሆስፒታሉ ግብረ መልስ ለጤና ኬላው ካልደረሰ፣ ጫማው እንደጠበበ ወይም እንደተተወ የሚያውቅ አይኖርም። በመሆኑም እያንዳንዱ የመላኪያ ወረቀት የተቀባዩን ጤና ኬላ፣ ቀጣዩን ቀጠሮና ጉዳዩን የሚከታተለውን አንድ ሠራተኛ ስም መያዝ አለበት።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። በስምምነቱ የታወቀው የተሐድሶ መብት ሕፃኑ ደጅ የሚደርሰው በዚህ ዓይነቱ ክትትል ነው።