ካልዲ ከወዴት መጣ?

ሱፐርማን የተባለው የአሜሪካኖች ጀግና በ1938 ዓ.ም. (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን) በሥዕል ታሪክ መጽሔት ላይ ሲወለድ መብረር አይችልም ነበር። ከፎቅ ወደ ፎቅ እንደ ፌንጣ ይዘል ነበር እንጂ። ክንፍ ሳይኖረው ያበረሩት ሌሎች ናቸው፤ ከ1940 ጀምሮ የራዲዮ ቴያትር፣ ከ1941 ጀምሮ ደግሞ የካርቱን ሲኒማ ሠሪዎች። ጉልበቱን የሚያሰልለው ክሪፕቶናይት የሚባለው ድንጋይም በ1943 በራዲዮ ከተሰማ በኋላ ወደ መጽሔቱ የገባው በ1949 ነው። ዛሬ ይህን ጀግና የሚያውቅ ማንም ሰው በረራውም ድንጋዩም ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበሩ ይመስለዋል። አንድ ጀግና ከወረቀት ወደ ራዲዮ፣ ከራዲዮ ወደ ሲኒማ ሲሻገር የተጨመረለት ነገር ተመልሶ መጥቶ በትውልድ ቦታው ላይ ይቀመጣል ማለት ነው።

ይህን ያነሣነው ስለ ሱፐርማን ለማተት አይደለም። በእኛም አገር ዕጣን ኮሚክስ በ2018 ጀምበር የተባለ ጀግና በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል፤ የእርሱ አባት ስለሚታወቅ ወደፊት ማን ምን እንደ ጨመረበት ለመከታተል አያስቸግርም። የሚያስቸግረን ከጅማ እስከ ቶኪዮ ፎቶግራፍ ሳይኖረው መልኩ የሚታወቀው ፍየል ጠባቂ ነው። ካልዲን ማለታችን ነው።

ታሪኩን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በሉ፤ ጨፈሩ፤ ልጁም ቀምሶ አብሮ ጨፈረ፤ ለመነኮሳት ወሰደላቸው፤ እነርሱም ሌሊት ለጸሎት የሚያነቃቸው መጠጥ አገኙ። አንዳንዱ ተራኪ ዘመኑን እንኳ ቈርጦ 850 ዓ.ም. ይላል። አሁን ወደ ኋላ እንመለስና በጽሑፍ የተገኘውን የመጀመሪያውን ካልዲ እንፈልግ።

የምናገኘው በሮም ከተማ ነው። አንቶኒዮ ፋውስቶ ናይሮኒ የተባለ፣ ከሊባኖስ ማሮናውያን ወገን የሆነ የምሥራቅ ቋንቋዎች መምህር በ1671 ስለ ቡና በላቲን አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንድ የግመል ጠባቂ፣ ሌሎች እንደሚሉት የፍየል ጠባቂ፣ ከብቶቹ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኙ እየዘለሉ እንዳስቸገሩት ለመነኮሳት ያመለክታል። አገሩም ኢትዮጵያ ሳይሆን የመን ነው። ጠባቂው ስም የለውም። ፍሬውን አይቀምስም፤ አይጨፍርምም። ሥራው አቤቱታ ማቅረብ ብቻ ነው። ቍጥቋጦውን ፈልጎ ያገኘውና ፍሬውን በውሃ ቀቅሎ የጠጣው የገዳሙ አለቃ ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው ጽሑፍ ጀግናው አለቃው ሲሆን የእኛ ሰው አጃቢ ነበር! ደግሞም ናይሮኒ ሲጽፍ፣ በየመን ሱፊዎች ቡና መጠጣት በእርግጥ ከታወቀበት ከ15ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ሁለት መቶ ዓመት ያህል አልፎ ነበር። የ850 ዓ.ም. ነገርማ ምስክር የለውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከሱፐርማን ጋር አንድ ነው። ዊልያም ዩከርስ የተባለው አሜሪካዊ በ1922 ባሳተመው ትልቅ የቡና መጽሐፍ ላይ አንድ ፈረንሳዊ ሠዓሊ የሣለው «ካልዲና የሚጨፍሩ ፍየሎቹ» የሚል ሥዕል አለ። የናይሮኒ እንስሳት መዝለል እዚህ ጭፈራ ሆኗል፤ ስም የለሹም ስም አግኝቷል። ለሥዕል የሚመቸው ተጨንቆ የሚያስብ የገዳም አለቃ አይደለም፤ የሚጨፍር ልጅ ነው። ሥዕል የሚመቸውን መርጦ አነገሠ።

ከመጽሐፍ ወደ ገበያ ለመሻገር ብዙ አልቈየም። በጃፓን በ1986፣ በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ በ1994 በስሙ ሱቅና ቡና ቤት ተከፈተ፤ በአዲስ አበባም በ2004 ካልዲስ ኮፊ ተቋቋመ። የአዲስ አበባው ምልክት ለስታርባክስ ምልክት በጣም የቀረበ መሆኑን የውጭ ጋዜጦች ጽፈውበታል። አካሄዱን ልብ በሉ፤ በላቲን የተጻፈ የየመን ተረት በፈረንሳይ ሥዕልና በአሜሪካ መጽሐፍ አድርጎ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቦሌ ገባ።

ወደ ጅማ ሲመጣ ግን ሌላ ልብስ መልበስ ግድ ሆነበት። በጊቤ ወንዝ ዙሪያ የነበሩት መንግሥታት፣ ጅማና ጎማ ሳይቀሩ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት እስልምናን የተቀበሉ ስለሆኑ በአጋሮ ዙሪያ ለሚተረክ ታሪክ ገዳሙ እንግዳ ነው። ስለዚህ የልጁ ስም ካልዲ ሳይሆን ኻሊድ ነው የሚሉ አሉ። የጎማዋ ጮጬ የቡና መገኛ እኔ ነኝ ትላለች፤ ከፋ ደግሞ የማንኪራን ጫካ ይጠራል፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም ቦንጋ ላይ ተሠርቷል። የሁለቱ አገር ልጆች በመኝታ ቤታችን ውስጥ በዚህ ጉዳይ እስከ እኩለ ሌሊት ሲሟገቱ እንሰማለን። ክርክሩ የፍየል ጠባቂው መንደር የት ነው በሚለው ላይ ከቆመ ሁለቱም ወገን ተረቺ ነው፤ ናይሮኒን የሚያነብ አንድ የመናዊ ይበቃቸዋል። በጫካው ላይ ከቆመ ግን ሁለቱም ያሸንፋሉ። ዐረቢካ የሚባለው ቡና ዘሩ የተነሣው ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን የዕፅዋት ሊቃውንት መስክረዋል። የከፋ ደን በ2010 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ በጮጬም የቡና ዝርያዎች በመስክ ተተክለው የሚጠበቁበት የዘር ባንክ አለ። ዘር ባንኩ ፍየል አያስጨፍርም፤ ስለዚህም ይመስለናል ማንም ሥዕሉን በስኒ ላይ የማያትመው።

እኛን ከዚህ ሁሉ የሚቈጨን ሌላ ነው። የተመለሰው ጀግና ቤት የነበሩትን ከወንበራቸው አስነሥቷል። በካልዲ ታሪክ ውስጥ አንዲት ሴት የለችም፤ በእኛ አገር ቡና ያለ ሴት የት ይታወቃል? ቡና ቀላ በሚባለው የኦሮሞ ሥርዓት ፍሬው ከነገለባው በቅቤ ይጠበሳል፤ ይመረቅበታል፤ ይበላል። ትርጓሜውም የቡና ዕርድ ማለት ነው። ከዚህም ጋር የሚነገር አንድ ትረካ አለ። ዋቃ ታማኝ የነበረውን አንድ ሰው በሞት ቀጣው፤ በማግስቱ መቃብሩን ሊያይ መጣና አለቀሰ፤ እንባው ከወደቀበት አፈር ቡና በቀለ። ሌሎች ዛፎችን ዝናም ሲያጠጣቸው ቡናን ያጠጣው የዋቃ እንባ ስለሆነ ዘወትር አረንጓዴ ነው ይላሉ። በዚህ ውስጥ ፍየል የለም፤ ጭፈራም የለም። የቡና ቤት ምልክት ሊሆን የሚችል አይመስልም፤ ሐዘን ቡና አይሸጥም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ሁለቱን ትረካዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የትኛው ከዚህ አፈር እንደ በቀለ ለመለየት ሊቅ መሆን አያስፈልገውም።

የአጋሮ፣ የሊሙ፣ የጌራና የቦንጋ ልጆች ሆይ! ለዕረፍት ወደ ቤት ስትሄዱ አያቶቻችሁን ቡና እንዴት እንደ ተጀመረ ጠይቁልን። ካልዲን ከነገሯችሁ፣ ከማን እንደ ሰሙት ጨምራችሁ ጻፉ። ሌላ ከነገሯችሁ በተናገሩበት ቋንቋ፣ ሳታሳምሩ ጽፋችሁ አምጡ። በሚቀጥለው እትም አራት ገጽ እንለቃለን።