የጉዞ ስረዛ መድን ምን ይከፍላል?

ከዋሽንግተን ወይም ከሲያትል ተነሥቶ ለገና አገር ቤት የሚገባ ቤተሰብ ትኬቱን የሚቆርጠው ወራት ቀድሞ ነው። አምስት ሰው ከሆኑ የከፈሉት ብዙ ሺህ ዶላር ነው፤ ርካሽ የሚባለው ትኬት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ አይመለስም። በመሃል አንዱ ቢታመም ወይም ከሥራ ቢቀነስ ያ ገንዘብ ምን ይሆናል? በጉዞ መድን ውስጥ «የስረዛ ሽፋን» የሚባለው ክፍል የተዘጋጀው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ግን መድን ሲገዛ የሚያስበው ሕክምናን ወይም የጠፋ ሻንጣን ሲሆን፣ የስረዛውን አንቀጽ የሚያነበው ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነው።

የሕክምናውና የሻንጣው ሽፋን የሚጀምረው ተጓዡ መንገድ ሲጀምር ነው። የስረዛው ግን በአሜሪካ በተለመደው አሠራር አረቦኑ በተከፈለ ማግስት ይጀምርና ጉዞው ሲጀመር ያበቃል። ከዚያ በኋላ ተራው «የጉዞ መቋረጥ» የሚባለው ሽፋን ነው፤ ቶሎ ለመመለስ የሚገዛውን አዲስ ትኬት ጭምር ስለሚያስብ ጣራው በብዙ ፖሊሲ እስከ ጉዞው ወጪ 150 በመቶ ይደርሳል። መድኑን እስከ መሳፈሪያው ሳምንት ያቆየ ሰው እንግዲህ እነዚያን ወራት ሁሉ ያለ ዋስትና አሳልፏል። አረቦኑ በአብዛኛው ከጉዞው ወጪ ከ4 እስከ 10 በመቶ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ይጨምራል።

አየር መንገዱ ራሱ በረራውን ሲሰርዝ ጉዳዩ ሌላ ነው። የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ደንብም ሆነ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 ተጓዡ አማራጭ በረራ ካልተቀበለ የትኬቱን ገንዘብ እንዲመልስ የሚያስገድዱት አየር መንገዱን ነው። መድን የሚተካው ተጓዡ አስቀድሞ ከፍሎ ከማንም የማይመለስለትን ብቻ ነው።

የዚህ ሽፋን ዋናው ነገር የምክንያቶቹ ዝርዝር ነው። በፖሊሲው የተጻፈ ምክንያት ከደረሰ ይከፈላል፤ ካልተጻፈ የቱንም ያህል አሳዛኝ ቢሆን አይከፈልም። የተጓዡ፣ የጉዞ ጓደኛው ወይም የቅርብ ቤተሰቡ ከባድ ሕመም፣ ጉዳትና ሞት ሁሌም አሉበት ለማለት ይቻላል። ቤት በእሳት ወይም በጎርፍ መጎዳት፣ ለጁሪ አገልግሎት መጠራት፣ ያለ ጥፋት ከሥራ መሰናበትም በብዙዎቹ ይገኛሉ።

«የቅርብ ቤተሰብ» የሚለው ላይ ግን እኛ ኢትዮጵያውያን ቆም ብለን ማንበብ አለብን። ባልና ሚስት፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ እኅትና ወንድም፣ አያት፣ አማት በአብዛኛው ተጠቅሰዋል። አክስትና አጎት በአንዱ ፖሊሲ ይኖራሉ፣ በሌላው ይቀራሉ። የአጎት ልጅ ብዙ ጊዜ የለም። እንደ ልጇ ያሳደገች የእናት ጓደኛ፣ የክርስትና አባት፣ አብሮ አደግ፣ እነዚህ እኛ ዘንድ ሞታቸው ጉዞ የሚያስቀር ሰዎች ናቸው፤ ውሉ ግን የሚያውቀው የጻፈውን ዝምድና ብቻ ነው። ለአገራችን ተጓዦች ከሁሉ የሚሰፋው ክፍተት ይህ ይመስለኛል። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት የቤተሰብ ትርጉም የሰፈረበትን ገጽ መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛው ክፍተት ነባር ሕመም ነው። መድን ሰጪዎች ፖሊሲው ከተገዛበት ቀን ወደ ኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 180 ቀን፣ ሕክምና ወይም የመድኃኒት ለውጥ ነበረ ወይ ብለው ይመረምራሉ፤ ካገኙ በዚያ ሕመም ምክንያት ለተሰረዘ ጉዞ አይከፍሉም። ይህ በብዙ ፖሊሲዎች የማይጓዘውን ዘመድም ይነካል። ደሴ ያለች እናት ስኳሯ ተባብሶ ልጇ ሌላ አገር ሊሄድ የነበረውን ጉዞ ቢሰርዝ፣ ኩባንያው የእሷን የሕክምና ታሪክ ሊያይ ይችላል። መፍትሔው ጊዜ ነው፤ ለጉዞው የመጀመሪያው ክፍያ በተፈጸመ ከ14 እስከ 21 ቀን ውስጥ መድን ለገዛ ብዙ ኩባንያዎች ይህን ገደብ ያነሡለታል።

ፍርሃት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በፈረንጆች 2021 ኅዳር የአሜሪካ መንግሥት ዜጎቹ ከኢትዮጵያ እንዲወጡና ወደዚያ እንዳይጓዙ ሲያሳስብ ብዙ ሰው ጉዞውን ተወ። የመንግሥት ማስጠንቀቂያ ግን በተለመዱት የአሜሪካ ፖሊሲዎች ብቻውን የስረዛ ምክንያት አይሆንም፤ ጦርነትም በአብዛኛው ከሽፋን ውጪ ነው። አደጋው ከታወቀ በኋላ የተገዛ መድንም ለዚያው አደጋ አይከፍልም። ኮቪድ በፈረንጆች 2020 መጀመሪያ ሲስፋፋ ብዙ ኩባንያዎች «ከዚህ ቀን ወዲህ የታወቀ ክስተት ነው» ብለው ቀን ቆርጠዋል።

እንዲህ ላለው ስጋት «በማንኛውም ምክንያት መሰረዝ» የሚባል ተጨማሪ ሽፋን አለ። አረቦኑን በብዙ ያስወድዳል፣ የሚመልሰውም ከወጪው ከ50 እስከ 75 በመቶውን ነው። እሱም ከመጀመሪያው ክፍያ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መገዛት አለበት፣ ስረዛውም በአብዛኛው ከመነሻው ቢያንስ 48 ሰዓት ቀድሞ መሆን አለበት። ውድ ቢሆንም፣ ሰላሙ ወደሚዋዥቅ አካባቢ ለሚሄድ ወይም ቪዛው ላልተረጋገጠለት ሰው ከሌላው ሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው። የቪዛ መከልከል በመደበኛው ዝርዝር ብዙ ጊዜ የለምና። ከአዲስ አበባ ለአውሮፓ የሼንገን ቪዛ የሚገዛው መድንም ከስረዛ ሽፋን ጋር ሊደባለቅ አይገባም። የቪዛው ሕግ የሚጠይቀው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሕክምናና ወደ አገር የመመለሻ ሽፋን ነው፤ ትኬት ሲሰረዝ ገንዘብ እንዲመልስ አያስገድድም።

ካሳ ሲጠየቅ ወሳኙ ወረቀት ነው። የታመመ ሰው ከመሰረዙ በፊት ሐኪም አይቶት «መጓዝ አይችልም» ብሎ መጻፍ አለበት፤ ሰርዞ በሳምንቱ ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ጥያቄው ሊወድቅበት ይችላል። ጉዞው እንደሚቀር እንደታወቀ ለአየር መንገዱም ለሆቴሉም ወዲያው ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ በመዘግየት የተጨመረውን ቅጣት መድኑ ላይከፍል ይችላል። አገር ቤት ለደረሰ ሞት የሞት ምስክር ወረቀትና ዝምድናውን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው፤ ዛሬም ብዙ ቤተሰብ፣ በተለይ በገጠር፣ ሳያስመዘግብ ይቀብራል። ስለዚህ አገር ቤት ያለው ዘመድ ገና በለቅሶው ሰሞን ወደ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት እንዲሄድ መንገር ይገባል፤ ወረቀቱ አማርኛ ከሆነ ትርጉሙም አብሮ ይላካል። ከሰፈር ትራቭል ኤጀንት በጥሬ ገንዘብ ትኬት የገዛ ሰውም በእያንዳንዱ ተጓዥ ስም የተጻፈና የተከፈለውን ልክ የሚያሳይ ደረሰኝ ያኔውኑ ይቀበል፤ ኩባንያው የሚተካው በሰነድ የታየውን ክፍያ ነው።