አውቶክሮስ በቆየ የስፖርት መኪና

አውቶክሮስ በሰፊ አስፋልት ሜዳ ላይ፣ በፕላስቲክ ኮኖች በተሠራ ጠመዝማዛ መስመር፣ መኪናዎች አንድ በአንድ እየገቡ በሰዓት የሚወዳደሩበት የመኪና ስፖርት ነው። ውድድሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው በትልልቅ የመኪና ማቆሚያዎች ወይም አገልግሎት በማይሰጡ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ላይ ነው። አሸናፊ የሚሆነው ኮን ሳይጥል መስመሩን ባጠረ ሰዓት የጨረሰ ነጂ ነው። አንድ ዙር ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ፍጥነቱም በአብዛኛው በአውራ ጎዳና ላይ ከሚፈቀደው አይበልጥም።

በዚህ ምክንያት ስፖርቱ ከሞተር ጉልበት ይበልጥ የነጂውን ችሎታ ይፈትናል፤ የቆየና ርካሽ የስፖርት መኪናም ለጀማሪ በቂ ነው። ሆኖም ዕድሜው የገፋ መኪና በሜዳው ላይ የሚደርስበት ጫና በዕለት ተዕለት ጉዞ ከሚያጋጥመው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ከማንኛውም የማሻሻያ ወጪ በፊት ፍሬኑ፣ ጎማውና መሪው ጤናማ መሆናቸው መረጋገጥ አለበት። ይህ መጣጥፍ በአሜሪካ የሚደረገውን አውቶክሮስ መሠረት አድርጎ፣ የመጀመሪያውን ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 በምሳሌነት በመውሰድ አጀማመሩን ያብራራል።

ስያሜ

«አውቶክሮስ» የሚለው ቃል በሁሉም አገር አንድ ትርጉም የለውም። በአሜሪካና በካናዳ ከላይ የተገለጸውን ውድድር ያመለክታል። በአውሮፓ አህጉር ግን ብዙ መኪናዎች በአፈር ሜዳ ላይ በአንድነት የሚሽቀዳደሙበት ሌላ ስፖርት ነው። ለአሜሪካው ዓይነት ቅርብ የሆኑት ውድድሮች በብሪታንያ አውቶሶሎ፣ በጀርመን አውቶስላሎም፣ በጃፓን ደግሞ ጂምካና ይባላሉ።

ታሪክ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንደ ኤምጂና ትራያምፍ ያሉ ትናንሽ የብሪታንያ የስፖርት መኪናዎች በአሜሪካ ብዙ ወዳጅ አፈሩ። የእነዚህ መኪናዎች ባለቤቶች በየከተማው ክለብ እያቋቋሙ በመኪና ማቆሚያ ሜዳዎች ላይ ችሎታቸውን ይፈትኑ ነበር። በአገሪቱ ትልቁን የአውቶክሮስ መርሐ ግብር የሚያካሂደው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ (ኤስ.ሲ.ሲ.ኤ.) የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። ክለቡ ይህን ስፖርት «ሶሎ» ብሎ ይጠራዋል። የመጀመሪያውን ብሔራዊ የሶሎ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1973 አካሂዷል። ከ2009 ጀምሮ ሻምፒዮናው በነብራስካ ግዛት በሊንከን ከተማ ይካሄዳል፤ ከ1,000 በላይ ነጂዎችም ይሳተፉበታል። ከዚህ ሌላ የፖርሽና የቢ.ኤም.ደብሊው. ባለቤቶች ክለቦች የየራሳቸውን ውድድር ያዘጋጃሉ።

የውድድሩ አካሄድ

አዘጋጆቹ በየጊዜው አዲስ መስመር ይዘረጋሉ፤ ስለዚህ ማንም ነጂ መስመሩን አስቀድሞ አይለማመድም። ጠዋት መኪናዎች ይመዘገባሉ፣ ይመረመራሉ፤ ቁጥርና የምድብ ፊደልም ይለጠፍባቸዋል። ከዚያም ነጂዎች መስመሩን በእግራቸው እየተዘዋወሩ ያጠናሉ። ነጂዎቹ በቡድን ተከፍለው አንዱ ቡድን ሲነዳ ሌላው በሜዳው ላይ ቆሞ ያገለግላል። አገልጋዮቹ የወደቁ ኮኖችን ያነሳሉ፣ ቅጣት ይመዘግባሉ፣ አደጋ ሲያዩም ቀይ ባንዲራ ያውለበልባሉ። ቀይ ባንዲራ የታየው ነጂ ወዲያውኑ መቆም አለበት። እያንዳንዱ ነጂ በቀኑ ውስጥ የተወሰኑ ዙሮች ይሰጡታል፤ ከእነዚህም የተሻለው አንዱ ብቻ ይያዝለታል።

በኤስ.ሲ.ሲ.ኤ. ደንብ አንድ ኮን መጣል ወይም ከቦታው ማስለቀቅ በሰዓቱ ላይ 2 ሴኮንድ ያስጨምራል። ኮኑ የቆመበት ቦታ ዙሪያውን በጠመኔ ይሰመራል። ኮኑ ተነክቶ ቢንሸራተትም ሳይወድቅ የተሰመረውን ከነካ ቅጣት የለም። ለምሳሌ መስመሩን በ48.3 ሴኮንድ የጨረሰ ነገር ግን ሁለት ኮን የጣለ ነጂ ውጤቱ 52.3 ይሆናል። በአውቶክሮስ የማሸነፊያ ልዩነት ብዙ ጊዜ ከሴኮንድ ክፍልፋይ ስለማይበልጥ፣ አንድ ኮን ጥሩ ዙርን ዋጋ ለማሳጣት ይበቃል። መስመሩን ስቶ ወይም አንድ በር ዘሎ ያለፈ ነጂ ደግሞ ዙሩ አይቆጠርለትም።

የተለያየ አቅም ያላቸውን መኪናዎች ለማነጻጸር ሰዓቱን በምድቡ ቁጥር የማባዛት ስሌት አለ። ይህ ቁጥር በየዓመቱ ይከለሳል። ለማስረዳት ያህል፣ የአንድ ምድብ ቁጥር 0.800 ቢሆን በ50 ሴኮንድ የጨረሰ መኪና ለንጽጽር 40 ሴኮንድ ይያዝለታል። በዚህ ስሌት የ30 ዓመት መኪና የያዘ ነጂ አዲስና ኃይለኛ መኪና ከያዘ ሰው በላይ ሊሰለፍ ይችላል።

ለምን የቆየ የስፖርት መኪና

ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ በአሜሪካ ሚያታ በሚል ስም የታወቀው ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና፣ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ሐሳቡ የተወሰደው ከ1960ዎቹ የብሪታንያ ክፍት መኪናዎች ነበር። የመጀመሪያው ሞተር 1.6 ሊትር ሲሆን በአሜሪካው ሞዴል 116 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ በ1994 ሞዴል በ1.8 ሊትር ተተክቷል። ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ ነው። ሞተሩ ከፊት፣ ኃይሉ ለኋላ ጎማዎች የሚደርስ፣ ክብደቱም በፊትና በኋላ እኩል ለመሆን የተቃረበ ነው። በ2016 የዚህ መኪና ምርት አንድ ሚሊዮን ደርሷል።

ለጀማሪ ጠቃሚ የሚያደርገው ቀላልነቱና የመለዋወጫው ብዛት ነው። ቀላል መኪና ፍሬንና ጎማ ቶሎ አይጨርስም። ጉልበቱ አነስተኛ መሆኑም ያስተምራል፤ ኃይለኛ መኪና በጥምዝ ላይ የጠፋውን ሰዓት በቀጥታው መንገድ ላይ ሲያካክስ፣ ደካማው ግን የነጂውን ስሕተት ሁሉ በሰዓቱ ላይ ያሳያል።

ከውድድር በፊት የሚደረግ ምርመራ

በሜዳው ላይ የሚደረገው ምርመራ አጭር ስለሆነ የቆየ መኪና አስቀድሞ በጋራዥ መታየት አለበት። ጉዳዩ የነጂው ብቻ አይደለም፤ ፍሬኑ እምቢ ያለ መኪና በእግራቸው ቆመው ኮን የሚያነሱ ሰዎች መካከል ሊገባ ይችላል። በተጨማሪም አብዛኞቹ ተወዳዳሪዎች ጠዋት በመጡበት መኪና ማታ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

• የፍሬን ዘይት፦ ይህ ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይመጣል። ዶት 4 የተባለው ደረጃ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም፤ እርጥበት ሲገባበት ግን ዝቅተኛው መስፈርት 155 ዲግሪ ነው። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል፤ ፔዳሉም ሲረገጥ ወደ ታች ይሰምጣል። ዕድሜው ያልታወቀ ዘይት መቀየር አለበት።

• የፍሬን ሸራና ቱቦዎች፦ የሸራው ውፍረት ይለካል፤ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ይለወጣል። ፔዳሉ ሲረገጥ ጠንካራ መሆን አለበት።

• ጎማ፦ ጥርሱ ያላለቀ ጎማም በዕድሜ ሊደርቅ ይችላል። የተመረተበት ጊዜ በጎኑ ላይ በአራት አኃዝ ይጻፋል፤ ለምሳሌ 2319 ማለት የ2019 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ማለት ነው። ሽቦው የታየ፣ የተሰነጠቀ ወይም ያበጠ ጎማ አይፈቀድም።

• መሪና እግር፦ መኪናው በክሪክ ተነሥቶና በድጋፍ ቆሞ፣ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይነቀነቃል። የሚላወስ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም መጋጠሚያው ተበልቷል ማለት ነው። የደረቁና የተቀደዱ ላስቲኮች መኪናው በጥምዝ ላይ አቅጣጫውን እንዲስት ያደርጋሉ።

• የጎማ ዳዶ፦ በዚህ መኪና ጥብቀቱ ከ88 እስከ 118 ኒውተን ሜትር ነው። የሚጠበቀው በግምት ሳይሆን በመለኪያ ቁልፍ ነው። የቸርኬ ሽፋን ካለ ይወልቃል።

• ባትሪ፦ በኤምኤክስ-5 ባትሪው ከኋላ በዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው። በደንብ ካልታሰረ በጥምዝ ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ይህም ምርመራ የሚያስጥል ጉድለት ነው።

• ነዳጅ መስጫ፦ ፔዳሉ ተረግጦ ሲለቀቅ ወዲያው ወደ ቦታው መመለስ አለበት። የሚይዝ ከሆነ መኪናው አይገባም።

• ማቀዝቀዣ፦ የቆየ ራዲያተር ጥቁሩ የፕላስቲክ ክፍል ወደ ቡናማ ሲለወጥ የመሰንጠቂያው ጊዜ መቃረቡን ያሳያል።

• ታይሚንግ ቺንጋ፦ የአሜሪካው የጥገና መመሪያ በየ60,000 ማይል (96,500 ኪሎ ሜትር ገደማ) እንዲቀየር ያዛል። የተቀየረበት ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ መቁጠር ይሻላል።

• ዝገት፦ ከመቀመጫው ኋላ ያሉት የዝናብ ውኃ መውረጃዎች በቅጠል ሲደፈኑ ውኃው በበሮቹ ሥር ወዳለው የአካል ክፍል ገብቶ ከውስጥ ያዝገዋል። ይህ ክፍል ሸክም ተሸካሚ ስለሆነ ቀለም መቀባት ጉዳቱን ይሸፍነዋል እንጂ አይጠግነውም።

• ዘይትና ነዳጅ፦ በጥምዝ ላይ ፈሳሹ ወደ ጎን ስለሚሸሽ የሞተር ዘይቱ ሙሉ መሆን አለበት። ነዳጁ በጣም ካነሰም ሞተሩ በመካከል ሊታፈን ይችላል።

ማሻሻያና ወጪ

በኤስ.ሲ.ሲ.ኤ. «ስትሪት» በሚባለው የምድብ ቡድን መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ ሊወዳደር ይችላል። ሾክ አብዞርበር፣ የፍሬን ሸራና ከፊት ወይም ከኋላ አንዱን ሚዛን ጠባቂ ዘንግ መቀየር ይፈቀዳል፤ ሞላውን መቀየር ግን መኪናውን ወደ ሌላ ምድብ ይወስደዋል። ጎማውም በጎኑ የተጻፈው የጥንካሬ ቁጥር 200 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ሕጉ በየዓመቱ ስለሚሻሻል ዕቃ ከመግዛት በፊት የዓመቱን ደንብ ማንበብ ያስፈልጋል። ከቀድሞ ባለቤት የተገዛ የቆየ መኪና ብዙ ጊዜ የተለወጠ ነገር ስለማያጣም የተገጠሙትን ዕቃዎች መዝግቦ ምድቡን ማጣራት ይገባል።

ልምድ ያላቸው ተወዳዳሪዎች የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ለጥገና፣ ለጥሩ የመንገድ ጎማና ለውድድር መመዝገቢያ እንዲውል ይመክራሉ። በጣም የሚይዝ ለስላሳ ጎማ የነጂውን ስሕተት ይደብቃል፤ መካከለኛ ጎማ ግን ሊንሸራተት ሲል በድምፅና በመሪው በኩል አስቀድሞ ያስታውቃል።

የመጀመሪያው የውድድር ቀን

ነጂው የጸና መንጃ ፈቃድ፣ ጣትን የሚሸፍን ጫማ፣ የጎማ ነፋስ መለኪያ፣ የመጠጥ ውኃና የዝናብ ልብስ ይዞ ይሄዳል። እንደ ስኔል ፋውንዴሽን ባለ ተቋም የተረጋገጠ ሄልሜትም ግዴታ ነው፤ ብዙ ክለቦች ለጀማሪዎች ያውሳሉ። ይህ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1957 የተመሠረተው በ1956 በመኪና ውድድር ላይ በጭንቅላት ጉዳት በሞተው ፒት ስኔል መታሰቢያነት ነው።

ከምርመራው በፊት የወለል ምንጣፍን፣ ጠርሙስን፣ መለዋወጫ ጎማንና ክሪክን ጨምሮ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሁሉ ከመኪናው ይወጣል። መቀመጫው የሚስተካከለው ትከሻ ከመደገፊያው ሳይላቀቅ የእጅ አንጓ የመሪውን አናት እንዲነካ ሆኖ ነው። ክፍት መኪና ለሚነዳ ሰው መኪናው ቢገለበጥ ጭንቅላቱን የሚጠብቅ የብረት ቅስት ማስገጠም ይመከራል፤ የየክለቡን ግዴታም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያው ዙር ዓላማው መስመሩን ሳይስቱ መጨረስ ነው። አብዛኞቹ ክለቦች ልምድ ያለው ሰው ከጀማሪው ጎን ተቀምጦ እንዲያስተምር ይፈቅዳሉ።

የመንዳት መሠረቶች

ዋናው ልማድ ዓይንን ወደ ሩቅ መላክ ነው፤ ቅርብ ያለውን ኮን የሚያይ ነጂ ለሚቀጥለው ጥምዝ ይዘገያል። ሁለተኛው፣ ፍሬን የሚያዘው መሪው ገና ቀጥ እያለ ሲሆን፣ ነዳጅ የሚሰጠው ደግሞ መሪው እየተፈታ ሲሄድ ነው። ጎማ ያለው የመያዝ አቅም ውስን በመሆኑ ለፍሬን የዋለው ያህል ለመዞሪያ ይቀንሳል።

የመስመር ምርጫም ለውጥ ያመጣል። ጎማው የመኪናውን ክብደት 0.9 እጥፍ የጎን ጉልበት መሸከም ቢችል፣ ግማሽ ስፋቱ 15 ሜትር በሆነ ክብ ላይ የሚቻለው ፍጥነት በሰዓት 41 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነጂው ሜዳውን ተጠቅሞ ያንኑ ጥምዝ ወደ 18 ሜትር ቢያሰፋው ፍጥነቱ ወደ 45 ከፍ ይላል። ይህ ጭማሪ አንድም ዕቃ ሳይገዛ የሚገኝ ነው።

የኋላ ጎማ በሚነዳው መኪና በጥምዝ መካከል ነዳጁን በድንገት መልቀቅ ክብደቱን ወደ ፊት ስለሚያዛውር የኋላው ክፍል ሊሸሽ ይችላል። መኪናው ዞሮ ከመስመር ከወጣ ፍሪሲዮኑንም ፍሬኑንም ረግጦ ማቆም መሠረታዊ ትምህርት ነው።

ገደቦች

አውቶክሮስ በመንገድ ላይ ከሚደረግ ሽቅድምድም የሚለየው በተዘጋ ሜዳ፣ በመድን ሽፋንና በደንብ የሚመራ በመሆኑ ነው። ነገር ግን የአዘጋጁ መድን የተወዳዳሪውን መኪና ጉዳት በአብዛኛው አይከፍልም፤ ብዙ የግል የመኪና መድን ውሎችም በውድድር ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍኑም። ከፍ ብለው ጠበብ ያሉ መኪናዎች የመገልበጥ ዕድላቸው ስለሚጨምር ብዙ ጊዜ አይፈቀዱም። የቆየ መኪናም ከውድድሩ በኋላ ወደ ቤት ከመነዳቱ በፊት የጎማው ነፋስ፣ የዳዶው ጥብቀት፣ ዘይቱና የፍሬን ፔዳሉ እንደገና መታየት አለባቸው።